ፍጥነት ገበያ ይጠራል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን እንጨቱ ነው

አዲስ የእንጨት ሮለር ኮስተር የሚያስገነባ የመዝናኛ ፓርክ በቅድሚያ ለገበያ የሚያወጣው ጉጉትን ነው። ሐዲዱ ሳይጠናቀቅ ከፍታው ስንት ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ይነገራል። ለመጪው ወቅት የሚያገለግል ትኬትም በሩ ከመከፈቱ ወራት ቀደም ብሎ ይሸጣል። ደንበኛው ገና ላልተሳፈረበት ባቡር ከወዲሁ ይከፍላል ማለት ነው።

ይህ ጉጉት የሚያተርፍበትንና የሚያከስርበትን መንገድ ለመረዳት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ኪንግስ አይላንድ ፓርክ ጥሩ ማሳያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1979 «ዘ ቢስት» ማለትም «አውሬው» የተባለውን የእንጨት ሮለር ኮስተር ከፈተ። በጫካ ውስጥ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚጓዘውና በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር የሚበረው ይህ ባቡር ከዓለም የእንጨት ሮለር ኮስተሮች በርዝመቱ እስካሁን ቀዳሚ ነው።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

በአብዛኛዎቹ የእንጨት ሮለር ኮስተሮች ባቡሩ የራሱ ሞተር የለውም። ሰንሰለት ጎትቶ ከመጀመሪያው አቀበት ጫፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመሬት ስበት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚገዛው በከፍታ ነው። ችግሩ የሁለቱ ዕድገት እኩል አለመሆኑ ነው፤ ፍጥነቱን በእጥፍ ለማሳደግ ቁልቁለቱ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል።

ተሳፋሪው የሚወደው መንገጫገጭም በከፊል ከእንጨቱ ጠባይ የሚመጣ ነው። እንጨት ሸክም ሲያርፍበት ይለመጣል፤ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል፤ ብሎኑም ይላላል። አናጺዎች በየጊዜው የላላውን ማጥበቅ፣ ያረጀውን መለወጥ አለባቸው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በሐዲዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ስለሚበረታ የጥገናው ወጪም አብሮ ይጨምራል።

ክብረ ወሰኑና ዕዳው

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሰን ኦፍ ቢስት» ማለትም «የአውሬው ልጅ» የተባለውን ሁለተኛ ባቡር አስመረቀ። ከፍታው 66 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር ነበር። ተሳፋሪን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚያዞር ቀለበትም ነበረው። በከፍታም ሆነ በፍጥነት የሚበልጠው የእንጨት ሮለር ኮስተር ከዚያ ወዲህ አልተሠራም።

ሰኔ 30 ቀን 2006 ሴዳር ፌር የተባለው ኩባንያ ኪንግስ አይላንድን ጨምሮ የፓራማውንት ፓርኮችን በ1.24 ቢሊዮን ዶላር የመግዛቱን ሥራ አጠናቀቀ። ሐምሌ 9 ቀን ግን የዚሁ ባቡር አንድ የእንጨት ክፍል ተሰብሮ 27 ሰዎች ተጎዱ። አዲሱ ባለቤት ከንብረቱ ጋር ጣጣውንም ተረከበ። ቀለበቱ ተነሥቶ፣ ቀለል ያሉ ባቡሮች ተተክተው በ2007 ሥራ ቢጀምርም በ2009 ተዘጋ፤ በ2012ም ፈረሰ። የ21 ዓመት ታላቁ «አውሬው» ግን ዛሬም ይሠራል።

በዝግ ቤት የተሸጠ ጉጉት

ፓርኩ ወደ እንጨት የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በ15 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው «ሚስቲክ ቲምበርስ» ከፍታው 33 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ«አውሬው» እንኳ ያንሳል። ፈጣን ሆኖ እንዲሰማ የሚያደርጉት ተሳፋሪውን ከወንበሩ ብድግ የሚያደርጉት 16 ጉብታዎቹና በዛፎች መካከል ተጠግቶ ማለፉ ነው። ማስታወቂያውም ያተኮረው በቁጥር ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ በጉዞው መጨረሻ ባለው አሮጌ መጋዘን ውስጥ ምን አለ? ምስጢሩ እስከ ምረቃው ተጠብቆ ቆየ።

ሁለቱም ባቡሮች ከመከፈታቸው በፊት ሰው በጉጉት ጠብቋቸዋል። ልዩነቱ የአንደኛው ጉጉት በየዓመቱ ጥገና በሚጠይቅ ከፍታ፣ የሌላኛው በተዘጋ በር የተገዛ መሆኑ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በመዝናኛው ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ከምረቃው ቀን ሰልፍ ይልቅ የአሥረኛውን ዓመት የጥገና ሒሳብ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።