የእህት ባል፣ የዙፋን ባላንጣ

ከሰቆጣ ተነሥተው ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ ናቸው። የዋግ ገዥዎች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር፤ «ዋግሹም» ማዕረጋቸው ነበር። የጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዓፄ ቴዎድሮስ በስቅላት ገድለዋቸዋል። ልጅየው ሸፍተው ኖሩ፤ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱም ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በዚያን ጊዜ ግን ንጉሥ የሚቀባ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። አቡነ ሰላማ አስቀድመው ዐርፈው ነበር።

የንጉሡ ሚስት ድንቅነሽ ምርጫ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ እህት ነበሩ። በዚያ ዘመን መጋባት መታረቂያም መተሳሰሪያም ነበር። ይህ ጋብቻ ግን አላስታረቀም። ካሳ የእንግሊዝን ጦር ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲያልፍ ረድተው መድፍና ጠመንጃ አግኝተዋል፤ ወታደሮቻቸውንም ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ አሠልጥኗል። ከግብፅም ጳጳስ፣ አቡነ አትናቴዎስን፣ አስመጡ።

ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ በዓድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ ተገናኙ። በሠራዊት ብዛት ተክለ ጊዮርጊስ ይበልጡ ነበር፤ የሠለጠነው ጦርና መሣሪያው ግን ከካሳ ጋር ነበር። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ፤ ዓይናቸው ጠፋ፤ በእስር ላይ እንዳሉም ዐረፉ። በዚህ ታሪክ የድንቅነሽን ያህል የከፋው የለም፦ ያሸነፈው ወንድማቸው፣ ብርሃኑን ያጣው ባላቸው። ካሳም በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።