ዝሆኔ የያዘው እግር እንዴት ይታጠባል?

ዝሆኔ የያዘው ገበሬ የእግር እንክብካቤ ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀርብለት ሳፋ ነው። ከሳፋው ጋር ሳሙና፣ ንጹህ ውሃ፣ ጥቂት በረኪና፣ ፎጣና ቫዝሊን። ሁሉም በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ሕክምና አይቆጥረውም። የሕክምናው ዋና አካል ግን ይኸው ነው።

ዝሆኔ ሲባል በትንኝ የሚተላለፈው የቆላ በሽታ ትዝ ይለናል። የደጋና የወይና ደጋው ግን ሌላ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ መነሻውም አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲኮተኩት የኖረ ሰው ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያስቆጣል። ፈሳሹ መውረጃ ሲያጣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠጥራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ያጠናው ይህንን ነበር። እነ ፋሲል ተኮላ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አንዳንዱ ሰው በዘሩ ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑን አሳየ፤ አንድ ማሳ ላይ አብረው ካረሱት አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም።

እጥበቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። አጣቢው የቆዳውን እጥፋት አንድ በአንድ እየከፈተ በጣቶቹ መካከል የተጣበቀውን ጭቃና ቅርፊት በሳሙና ቀስ አድርጎ ያስለቅቃል። መፈግፈግ አይገባም፤ የተላጠ ቆዳ ለጀርም በር ይከፍታል። ቀጥሎ እግሩ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል። ከዚያ ማድረቅ ነው፤ በተለይ በጣቶቹ መካከል። እዚያ እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ይወጣል፣ ፈንገሱ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። ቫዝሊኑም የሚቀባው ቆዳው ለስልሶ እንዳይሰነጠቅ ነው። እብጠቱ ገና ለስላሳ ከሆነ በፋሻ ይጠቀለላል፤ መጨረሻ ላይ ካልሲና ጫማ። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይደገማል።

ባክቴሪያው ሲገባ የሚመጣውን ሕሙማኑ በሚገባ ያውቁታል። በሽታው ይነሳል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እግርን መሬት የማያስነካ ሕመም፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንክብካቤው ገና ያልተጀመረላቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሳባቸው የተጀመረላቸው ላይ ወደ 19.4 ወርዷል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት አንድ ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ለገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ያስብ።

ትልቁ ችግር ውሃ ነው። ለአንድ ንክር 6 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ ምንጩ ሩቅ፣ ጄሪካኑ በጀርባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ ማን ያመጣዋል? በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት ውሃው ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ሲጨመር 1 ሊትር እንደሚበቃ አረጋግጧል። እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ ግኝት ይህ ነው፤ የእናቶችንና የልጆችን ጀርባ አስቦ የተሠራ ነውና።

ሁለተኛው ችግር ሰው ነው። ጎንበስ ማለት ያቃታቸው አረጋውያንና ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሕሙማን እግራቸውን ራሳቸው ማጠብ አይችሉም፣ በዚህ እግርም ወረዳ ከተማ ድረስ መመላለስ አይቻልም። ስለዚህ አገልግሎቱ ጤና ኬላ፣ ከተቻለም ደጃፍ ድረስ መውረድ አለበት፤ ሳሙናውና በረኪናውም በወረዳው በጀት ልክ እንደ መድኃኒት መያዝ አለባቸው። በሽታው በ2013 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፉ ትኩረት የሚሹ የሐሩር በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ገብቷል፤ ሥራውን ለረጅም ጊዜ የተሸከሙት ግን በአብዛኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። የሰው እጅ ደግሞ ሌላም ነገር ያክማል። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር በሚፈጸምበት አገር፣ ዝሆኔ ያለበት ሰው ከሠርግና ከማኅበር ይገለላል፣ ልጆቹንም የሚያገባ ይጠፋል። የጤና ባለሙያው ያንን እግር በሰው ፊት ይዞ ሲያጥብ ጎረቤት በሽታው እንደማይጋባ በዓይኑ ያያል።

ጫማም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ወላይታ ውስጥ እግሩ እየተለካ ሰፋ ያለ ጫማ የሚሰፋበት ሥራ ተጀመረ፤ ሙያውን ተምረው ከሚሰፉት መካከል ቀድሞ እዚያው የታከሙ ሕሙማን ይገኙበታል።