«ይለምድሃል» ብለውኝ ጣቶቼ ደነዘዙ፦ ሳይክልን ከሰውነታችን ጋር ስለማስማማት

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታካሚ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የአንድ ትንሽ ልጅ ግንባር ላይ የተሰነጠቀ ቁስል እየሰፋሁ ነበር። መርፌ መያዣውን ጨብጬ ክሩን ስስብ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው የእኔ አይመስሉም። ደንዝዘዋል። ክሩ ሁለቴ አመለጠኝ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ስፌቱን በሰላም ጨረስኩ፤ ግን እጄን ስታጠብ ልቤ ይመታ ነበር። የእኔ እንጀራ እኮ እጄ ነው!

ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳይክል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ቤልጂየም ነው። ሰኔ ላይ ሲመጣ ራሱ ይነዳው የነበረውን ሳይክል ፈታትቶ በካርቶን አምጥቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ሰውን ሁሉ ተንቀሳቀሱ ትላለህ፤ አንተ ግን ከመኪና ወርደህ ወንበር ላይ፣ ከወንበር ተነስተህ መኪና ውስጥ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሳይክሉ «ሳይክሎክሮስ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሳይክሎክሮስ በተለይ በቤልጂየምና በኔዘርላንድ ሕዝቡ በብርድ በጭቃ ወጥቶ የሚያየው የክረምት ውድድር ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ፓሪስ ላይ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሣር፣ በአሸዋና በጭቃ ይነዳሉ፤ መሰናክል ሲገጥማቸው ወርደው ሳይክሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ሳይክሉ መሪው እንደ አስፋልት ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ጥርስ አለው፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ደንብ ስፋቱ ከ33 ሚሊሜትር አይበልጥም። በጎማውና በፍሬሙ መሀል ጭቃ እንዳይጠቀጠቅ ክፍተት ተትቶለታል። እንደ ማውንቴን ባይክ ንረት የሚውጥ ስፕሪንግ ግን የለውም።

ሳየው ለእኛ ከተማ የተሠራ ነው የመሰለኝ። ከቤቴ ወጥቼ ኮብልስቶን፣ ከዚያ አስፋልት፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ኮረኮንችና ጭቃ፤ ሁሉንም በአንድ ጠዋት!

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ወንድሜ ከእኔ በ10 ሳንቲም ሜትር ያህል ይረዝማል።

«ትንሽ ይተልቅብኛል እንዴ?» ስለው «ትለምደዋለህ» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼም «ይለምድሃል»፣ ጎረቤቴም «መጀመሪያ እንደዚያ ነው» አለኝ። በእርግጥ የመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫዬ ቆሰለ እስክል ድረስ አመመኝ፣ ታፋዬ ዛለ፣ አንገቴ ደረቀ። በሦስተኛው ሳምንት የመቀመጫዬ ሕመም ጠፋ። «አያችሁ፣ ለመድኩት» አልኩ። ስለዚህ ጣቶቼ መደንዘዝ ሲጀምሩም ያው ይለምዳል ብዬ ተውኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

የሚለመደውና የማይለመደው

ይህን ለይታችሁ ያዙልኝ፤ የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይሄ ነው።

የሚለመዱት፦
👉 በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የመቀመጫ አጥንት አካባቢ ሕመም
👉 የታፋና የባት ጡንቻ መዛል
👉 መሪው ቶሎ ቶሎ ይታጠፋል የሚል ስሜት፣ ፍሬኑን ለማግኘት መደናበር

የማይለመዱት፦
👉 መደንዘዝና መንዘር (በእጅም፣ በእግርም፣ በብልት አካባቢም)
👉 የጉልበት ወይም የሌላ መገጣጠሚያ ሕመም
👉 የእጅ መድከም፤ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ

ጡንቻ ቀስ በቀስ ሥራ ሲጨመርበት ይጠነክራል። ነርቭ ግን ሲጫኑት አይጠነክርም፤ መልእክት ማስተላለፉን ይቀንሳል፣ ጫናው ከቀጠለም ይጎዳል።

እኔን የያዘኝ አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። ክርናችን ከጠርዝ ጋር ሲጋጭ ኤሌክትሪክ የነካን ያህል የሚነዝረን እሱ ነው። ይህ ነርቭ ወደ መዳፍ የሚገባው በትንሿ ጣት በኩል፣ በትንንሽ አጥንቶች መሀል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። የሰውነታችንን ክብደት መዳፋችን ላይ ጥለን፣ የእጅ አንጓችን ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ ከሥር ኮብልስቶኑ ሲያርገፈግፈን ነርቩ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይጨፈለቃል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ሲብስ ጣቶቻችንን የሚከፍቱና የሚገጥሙ ትንንሽ ጡንቻዎች ይደክማሉ። በሳይክል ነጂዎች ላይ በደንብ የሚታወቅ ችግር ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ የነርቭ ሐኪም ወደሆነው ጓደኛዬ ሄድኩ። አንድ ወረቀት በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሀል አስያዘኝና ጎተተው። ላለመልቀቅ ስታገል አውራ ጣቴ ጫፉ ላይ ታጠፈ። ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ነርቩ የሚያዘው ጡንቻ ደክሟል። «አንድ ታካሚ ይህን ይዞ ቢመጣ ይለምድሃል ትለው ነበር?» አለኝ። አፈርኩ። «ሳይክሉን አቁም፤ እስኪሻልህም ድረስ ሳይክሉን አስተካክለው» ብሎ ሸኘኝ።

«የሌላ ሰው ልብስ ነው የለበሱት»

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ሳይክል ሠሪ አሉ። ይዤላቸው ሄድኩ። ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡኝና ዙሪያዬን ዞረው ካዩኝ በኋላ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የሌላ ሰው ልብስ ነው የለበሱት» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሊጠብልኝ ይችላል?» አልኳቸው። ሳቁና ቁልፋቸውን አነሱ። ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ የየትኛውም ሳይክል ባለቤት ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

1. የኮርቻው ከፍታ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ አነዳዳችሁ የእግራችሁን የፊተኛ ክፍል ስታስቀምጡ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ይላል። ልኩ ይሄ ነው። የእኔ 4 ሳንቲም ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ለመድረስ ዳሌዬን ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ነበር የምነዳው። ለማስታወስ ያህል፦ ጉልበታችሁን ከፊት ለፊት ካመማችሁ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከጀርባው ካመማችሁ ከፍ ብሏል።

2. የኮርቻው አቀማመጥ። ወንድሜ ከካርቶን አውጥቶ በጥድፊያ ሲገጥመው የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ዘምብሎ ነበር። እኔ ሳላውቀው ወደ ፊት እየተንሸራተትኩ ራሴን በእጄ ስደግፍ ነው የከረምኩት። ጋሼ የግንበኛ ውሃ ልክ አምጥተው አስተካከሉት። ለእጄ ከምንም በላይ የጠቀመው ይህ ነፃ ጥገና ነው ብል አላጋነንኩም።

3. ርቀቱ። መሪው ሲርቅብን ብዙዎቻችን ኮርቻውን ወደ ፊት እንገፋለን። ይሄ ጉልበትን ከቦታው ያዛባል፣ እጅ ላይ ያለውንም ክብደት ይጨምራል። መለወጥ ያለበት መሪውን ከፊት ሹካ ጋር የሚያገናኘው አንገት ነው። የእኔ 11 ሳንቲም ሜትር ነበር። ፈላልገን ያገለገለ፣ 8 ሳንቲም ሜትር የሆነና ትንሽ ወደ ላይ የሚያቀና አገኘን። አሁን መሪውን ስይዝ ክርኔ ዘና ብሎ ይታጠፋል።

4. የእጅ አንጓ። የፍሬን መያዣዎቹን ትንሽ አዙረን አንጓዬ ሳይቀለበስ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ አደረግን። መሪው ላይ የሚጠመጠመውን ሁለት ድርብ አደረግነው፤ ጄል ያለው ጓንትም ገዛሁ። ጓንት ብቻውን ግን የተበላሸ አቀማመጥን አያድንም።

ፍሬሙ ያው ትልቅ ነው፤ እሱን ማሳጠር አይቻልም። ስለዚህ ሳይክል የምትገዙ ወይም ከውጭ የምታስልኩ ካላችሁ ከማርኩና ከቀለሙ በፊት ልኩን ጠይቁ። በሁለት እግራችሁ መሬት ላይ ቆማችሁ የፍሬሙ የላይኛው ብረት ብሽሽታችሁን መንካት የለበትም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲም ሜትር ክፍተት ይኑር።

እንደገና መንዳት መማር

ሳይክሉን ካስተካከልን በኋላም ወዲያው አልወጣሁም። የጣቶቼ መደንዘዝ በሦስት ሳምንት ገደማ ቀነሰ። ከዚያ የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ላይ እንደ ልጅ ከአንድ ጀመርኩ። ለምን መሰላችሁ? ሐምሌ ላይ መብራት ላይ ስቆም እግሬን ለማውረድ ብሞክር መሬቱ ራቀኝና በቁሜ ወድቄያለሁ። ክርኔ ተላላጠ፤ ክብሬም አብሮ። የሳይክሎክሮስ ፔዳል ከአስፋልት ሳይክል ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሥርና ድንጋይ እንዳይነካው ነው። ከፍ ሲል ኮርቻውም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ እግር መዘርጋት አያዋጣም።

የተለማመድኳቸው እነዚህን ነው፦

👉 አቋቋም፦ ከመቆማችሁ በፊት ከኮርቻው ወደ ፊት ውረዱ፣ አንዱ እግር ፔዳል ላይ ይቆይ፣ ሳይክሉን ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አድርጋችሁ እግራችሁን አሳርፉ። ሃያ ጊዜ ደጋግሙት።

👉 ፍሬን፦ የእኔው ቸርኬውን የሚይዝ የቆየ ዓይነት ፍሬን ነው። ዝናብ ሲሆን ውሃውን እስኪጠርገው ድረስ ቶሎ አይይዝም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጀምሩ። በሹል ቁልቁለት ላይ መሪውን ከታጠፈው ክፍል ስትይዙ ፍሬኑን የመጨበጥ ጉልበታችሁ ይጨምራል። ክብደታችሁን ወደ ኋላ መልሱ። ጭቃ ላይ እየታጠፋችሁ የፊቱን ፍሬን በድንገት አትጨብጡ።

👉 ኮብልስቶን፦ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጋችሁ ከኮርቻው ትንሽ ነሳ በሉ። ጉልበታችሁና ክርናችሁ ልል ይሁኑ፤ ስፕሪንጉ እናንተ ናችሁ። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ። በየአምስት ደቂቃው የእጃችሁን ቦታ ለውጡ።

👉 ነፋስ፦ ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ «ጠጠር አድርግልኝ» አትበሉ። ድንጋይ የሆነ ጎማ ንረቱን በሙሉ ወደ መዳፍና ወደ መቀመጫ ይልካል፤ ጭቃ ላይም ያንሸራትታል። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ በ33 ሚሊሜትር ጎማ ኮብልስቶን ላይ 3 ባር አካባቢ ይስማማኛል። በጣም ከቀነሳችሁት ደግሞ ቸርኬው ካላማዳሪውን ነክሶ ይበሳዋል። ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ ልካችሁን አግኙ።

👉 ጊዜ፦ በ20 ደቂቃ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ኮርቻና መሪ በአንድ ቀን ከነካካችሁ የቱ እንደጠቀመ ወይም እንደጎዳ አታውቁም።

ሐኪም ጋ መቼ?

❗ ከሳይክል ከወረዳችሁ በኋላ መደንዘዙ በአንድ ሁለት ቀን ካልለቀቃችሁ
❗ ቁልፍ ማዞር፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ወረቀት መያዝ ከከበዳችሁ፤ ወይም በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሀል ያለው ሥጋ ከጎደለ
❗ ከአንገት ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ካለ
❗ ሁለቱም እጅ ወይም እግርም ጭምር የሚደነዝዝ ከሆነ፤ ይሄ ከሳይክሉ ላይሆን ይችላል፣ ስኳርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ይታዩ
❗ በብልት አካባቢ መደንዘዝ ካለ። ወንድሞችም እህቶችም፣ በዚህ አትፈሩ! ኮርቻው እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫን ይመጣል። መጀመሪያ የኮርቻውን ከፍታና አቀማመጥ አስተካክሉ፣ አልፎ አልፎ ከኮርቻው ተነሱ፤ ካልተሻላችሁ ሳይውል ሳያድር ታዩ።

እኔ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ወደ እጄ ለመመለስ ወደ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ቶሎ ስላቆምኩ ዕድለኛ ነኝ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እነዳለሁ፤ እንጦጦ ዳገት ላይ ትንፋሼ ሲያጥረኝ ወርጄ ሳይክሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እራመዳለሁ፤ የሳይክሎክሮስ ደንብ ስለሚፈቅድ አያሳፍርም። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ «ጋሼ፣ ለመድከው አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ መጀመሪያ ግን በልኬ አስጠበብኩት» አልኩት።

ለታካሚዎቼም አሁን ይህንኑ ነው የምላቸው። አዲስ ጫማ ይሁን፣ አዲስ ወንበር ወይም አዲስ ሳይክል፣ ድካም ከሆነ ጊዜ ስጡት፤ መደንዘዝ ከሆነ ግን ዕቃውን አስተካክሉ እንጂ ሰውነታችሁን አታስገድዱት።

እናንተስ ሳይክል ስትነዱ የት የት ነው የሚያማችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አቅሜ በፈቀደ እመልሳለሁ። ሳይክል ለሚነዳ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ በአካል የሚደረግን ምርመራ አይተካም።

ጤና ይብዛላችሁ! 🙏