የታሰርንበት ወረቀት የት ነው ያለው?

«ቲቸር፣ ፎርሙ ታስረህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ምን ብዬ ልሙላ?»

ይህን በስልክ የጠየቀን ከዚህ ከካኩማ ካምፕ ወደ አሜሪካ የሄደ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። እዚያ ከገባ ዓመት ስለሞላው የግሪን ካርድ ማመልከቻ እየሞላ ነበር። ፎርሙ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ክሱ ቀርቶ የተለቀቅክ ቢሆን እንኳ፣ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ይላል። አዎ ካልክ ወረቀቱን አምጣ ይላል።

ልጁ አንድ ጊዜ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ኬላ ላይ ተይዞ አራት ሌሊት አድሮ ተለቋል። ያኔ እንኳን ወረቀት ሊጠይቅ፣ በመለቀቁ ብቻ ፈጣሪውን አመስግኖ ነው የወጣው። ማናችንስ ብንሆን? አሁን ግን «አልታሰርኩም ብለህ ዝለለው» የሚሉት መካሪዎች በዝተውበታል። እኛ ይህን አልመከርነውም። የተናገሩት እስራት ይብራራል፤ የደበቁት እስራት በኋላ ሲገኝ ውሸት ተብሎ ዋናውን ጉዳይ ይዞ ይሄዳል።

እንደሚታወቀው በካምፕ ውስጥ መምህር ማለት ደብዳቤ አንባቢም፣ ማመልከቻ ጻፊም ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የመፈለግ ሥራ እኛ ላይ ወደቀ። አካሄዱን ለሌላውም ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

ትልቁ መዝገብ

እኛም ራሳችን በተራችን የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አውጥተን ልጁ ወደታሰረበት ጣቢያ ሄድን። ፖሊሱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ኦ.ቢ. ናምባ?»

በኬንያ እያንዳንዱ ፖሊስ ጣቢያ ኦ.ቢ. የሚባል የዕለት ሁኔታ መዝገብ አለው። የተያዘ ሰው፣ የቀረበ አቤቱታ፣ የተረኛ ርክክብ ሳይቀር ከነሰዓቱ ይጻፍበታል። ቁጥሩ ሲነበብ ቀላል ነው። ለምሳሌ 15/21/1/2016 ማለት በጥር 21 ቀን 2016 የተመዘገበ 15ኛው ጉዳይ ማለት ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ገጹ በደቂቃ ይገኝለታል። ቁጥሩ የሌለው ሰው ግን እንደኛ ነው የሚሆነው።

ልጁ ቀኑን አያውቅም። የሚያስታውሰው «የጥምቀት ማግስት ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። ጥምቀት ጥር 19 ነው ብለን የ20ውን ገጽ አስገለጥን፤ የለም። ፖሊሱም ሰልችቶት መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ከመካከላችን አንዱ ትዝ አለው። በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ሆና ስለነበር ጥምቀት በፈረንጆቹ የዋለው ጥር 20 ነው፤ ማግስቱም 21 ይሆናል። ገጹ ተገለጠ፤ ሐሙስ ማታ ላይ ተገኘ። ስሙ በሦስት ፊደል ተሳስቷል፤ የአያቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከፊት ገብቷል። ማኒፌስቱ ላይ ካለው ስም ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ሰው ነው ቢል አይፈረድበትም።

ደስ ብሎን ኮፒ ስጡን አልን። ፖሊሱ እምቢ አለ። «የሌላ ሰው መረጃ ነው። እናንተ ምኑ ናችሁ?» በጊዜው ተናደን ነበር፤ ዓመታት ያስተማርነው ልጅ እኮ ነው። ማታ ግን ረጋ ብለን ስናስበው ልክ ነው። የመጣው ሁሉ የእስር ታሪካችንን እየገለበጠ ቢወስድ ማን ይወዳል? ልጁ የፈረመበት የውክልና ደብዳቤና የመታወቂያ ኮፒ ልኮልን ስንመለስ ጽሑፉ ከነቁጥሩ ተጽፎና ማኅተም ተመቶበት ተሰጠን።

ሕጉ ምን ይላል?

የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 መንግሥት የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ለዜጎች ይሰጣል። በ2016 የወጣው የመረጃ ማግኛ ሕግም ይህንኑ ይከተላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ21 ቀን ውስጥ፣ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት የሚመለከት ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ታዲያ ስደተኛውስ? ሁለት በር አለው። አንደኛው በዚያው አንቀጽ 35 ውስጥ ነው፤ ስለራሱ የተጻፈ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት «ለማንኛውም ሰው» ነው የተሰጠው። ሁለተኛው የ2019ኙ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው፤ ስለራሱ የተያዘውን መረጃ ለማየት የሚጠይቀውን ሰው ዜጋ ነህ ወይ አይለውም። ስለዚህ ማመልከቻ ስንጽፍ «ስለራሴ የተመዘገበውን መረጃ» ማለት «የጣቢያውን መዝገብ» ከማለት ይሻላል።

ብዙዎቻችን የምናሳስተው ሌላም ነገር አለ። ማኒፌስት ወይም ካርድ ሲጠፋብን የምናወጣው ፖሊስ አብስትራክት የእስር ማስረጃ አይደለም። ከዲ.ሲ.አይ. በጣት አሻራ የሚገኘው የመልካም ጠባይ ሰርተፊኬትም ቢሆን አንድ የተወሰነ ክስ እንዴት እንዳለቀ አይተርክም።

ያንን የሚናገረው ፍርድ ቤቱ ነው። ልጁ አርብ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ አንቀጽ 49 የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይቅረብ ስለሚል ነው። ሰኞ ክሱ ተነሣለት። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የክሱን ቁጥር አስፈልገን፣ የኮፒውን ክፍያ በደረሰኝ ከፍለን፣ የተረጋገጠ ቅጂ አወጣን። ቅጂው ላይ «87(ሀ)» የሚል አለ። ይህ ከሳሽ ክሱን አንስቷል ማለት ነው፤ ተከሳሹ ይለቀቃል፣ ግን በሕግ ነፃ ነህ የሚል ፍርድ አይደለም። 210 የሚል ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናብቶታል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ፎርሙ ላይ «ነፃ ተብያለሁ» ብሎ ይሞላና ወረቀቱ ሌላ ይናገርበታል።

ፎቶውስ?

እዚህ ፖሊስ የሚያነሳው የተያዘ ሰው ፎቶ ሁሉ ለሕዝብ አይለጠፍም። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት በዚያ አገር የተያዘው ልጃቸው ፎቶ በሰው ስልክ ላይ ሲዞር አይተው ሊያስነብቡን መጥተው ነበር። ልጁ በሳምንቱ ተለቋል፤ ፎቶው ግን አልተለቀቀም። በብዙ ካውንቲዎች ሸሪፉ ፎቶውን በያዘበት ዕለት በድረ ገጹ ያወጣዋል፤ ሌሎች ደግሞ ገልብጠው ያስቀሩታል።

እዚያ ላሉ ዘመዶቻችን የምንለው ይህ ነው። የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚሠራው በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ላይ ብቻ ነው፤ የካውንቲ ወይም የከተማ ፖሊስ መዝገብ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው የሚጠየቀው። ሕጉም አንድ ዓይነት አይደለም። ኒውዮርክ በ2019 ፖሊስ እንዲህ ዓይነት ፎቶ በዘፈቀደ እንዳይሰጥ ገደብ አድርጋለች። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ ኃይል ባልተቀላቀለበት ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፎቶ ፖሊስ በማኅበራዊ መገናኛ እንዳይለጥፍ በአብዛኛው ከልክላለች። ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን ዋናው ወረቀት ፎቶው አይደለም። ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የሚወጣው፣ ክሱ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳየው የተረጋገጠ ቅጂ ነው። ፎቶው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው፣ የታሰረ ሰው ከጣቢያ ሳይወጣ የኦ.ቢ. ቁጥሩንና የክስ ቁጥሩን ይጻፍ፤ መጻፊያ ካጣ የሚጠይቀው ዘመድ ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ ስሙ እንደ ማኒፌስቱ መጻፉን እዚያው ይይ፤ በዚያን ዕለት ማስተካከል ከዓመታት በኋላ ከመሮጥ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ለኮፒ የሚከፈል ገንዘብ ደረሰኝ ይኑረው። ያለ ደረሰኝ የሚጠይቅ ካለ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚቀበለው አይፖአ የሚባለው ገለልተኛ ተቋም አለ።

ለልጁ ወረቀቱን ፈልገን ለመላክ ሦስት ጉዞና አራት ወር ፈጀብን። ከ2025 ጥር ወዲህ የአሜሪካ በር እንደጠበበ ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሱም መልሱን ገና እየጠበቀ ነው። ሆኖም ፎርሙ ላይ «አዎ» ብሎ ሲጽፍ እጁ እንዳልተንቀጠቀጠ ነግሮናል። ቁጥሩን ያን ጊዜ በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ከማኒፌስቱ ጋር ቢያስቀምጠው ኖሮ ግን ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነበር።