ፌሮ፣ ስታፋና ቱንቢ

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ወደሚሠራበት ሳይት ጠዋት ብትገቡ «ስታፋው አንሷል»፣ «ያን ሞራሌ አቀብለኝ»፣ «ጀሶው ሳይደርቅ ቶሎ በል» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ከተናጋሪዎቹ ጣሊያንኛ የሚችል ብትፈልጉ አታገኙም ይሆናል፤ ቃላቱ ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ፌሮ ብረት ነው፤ የሚቆርጠው፣ የሚያጥፈውና የሚያስረው ባለሙያ ደግሞ ፌራዮ። የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ስታፋ ይባላል። ጣሊያኖች የፈረስ እርካብንም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ቅርጹን ያየ ምክንያቱን አያጣውም። ሊሾ ማለት ለስላሳ፣ አርማታ ማለት የታጠቀ ነው፤ ኮንክሪቱ ብረት ታጥቋልና። ኮርኒስ ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥራውን ለውጧል፦ እዚያ የጠርዝ ጌጥ ነበር፣ እዚህ ጣሪያውን ከውስጥ ይሸፍናል።

ለእነዚህ ቃላት በሩን በሰፊው የከፈተው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው። ጣሊያኖች ለጦራቸው ሲሉ መንገድና ድልድይ ዘረጉ፣ የጣርማ በርን ተራራ በሱ፣ ድሬዳዋ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ አቆሙ። ድል ከተመቱ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የፈቀዱላቸው ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ ሙያው ከዋናው ግንበኛ ወደ ረዳቱ፣ ከረዳቱ ወደ ሌላው በእጅና በጆሮ ሲተላለፍ ኖረ፤ ቃሉም አብሮ።

መሐንዲሱ ግን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለእሱ ስላብ የሆነው የፎቅ ወለል ለፌራዮው ሶሌታ ነው።

አማርኛውስ? ማገር፣ ወጋግራና ምርግ ከጭቃ ቤት ጋር ቀሩ። ነገር ግን አሥር ፎቅ የሚወጣ ግድግዳ እንኳ ቀጥ ማለቱ የሚፈተነው በቱንቢ፣ የአግድሙ መስተካከል በውሃ ልክ ነው። ቱንቢ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ያለው ያው መሣሪያ ነው። ከሁሉም ቃላት እኔ የምወደው ይህን ነው።

የቴክኒክና ሙያ መምህራን ሆይ፣ ሰሌዳው ላይ «ስቲረፕ» ስትጽፉ ከጎኑ «ስታፋ» ብላችሁ ጨምሩ። ተማሪያችሁ ነገ ሳይት ሲገባ ትእዛዝ የሚሰጠውም የሚቀበለውም በዚያ ቃል ነው።