ከዱር የተያዘ እንስሳ ለምን ይሞታል?

በአምባሰል ተዳፋቶችና በሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቁጥቋጦዎች ከብት የሚጠብቁ ልጆች ወይም ሰብል የሚሰበስቡ አርሶ አደሮች ብቻዋን የተኛች የሚዳቋ ግልገል ሊያገኙ ይችላሉ። እናቷ የሞተችባት መስሏቸው በርኅራኄ ወደ ቤት ይወስዷታል። የላም ወተት ይሰጧታል፤ ጎረቤቱም ሊያያት ይሰበሰባል። እንዲህ የተያዘች ግልገል ግን ብዙውን ጊዜ ሳትሰነብት ትሞታለች። በዚህ ጊዜ ወተቱ አልተስማማትም ይባላል፤ ሆኖም ፍርሃት ብቻውን ሊገድላት እንደሚችል ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ብቻዋን የተገኘች ግልገል ሁሉ የተጣለች አይደለችም። የሚዳቋ እናት ግልገሏን ከአዳኝ ለመሰወር ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ተመልሳም ታጠባታለች።

እንስሳ ሲደነግጥ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ወደ ጡንቻ ያደላል። ይህ ለደቂቃዎች ከሆነ ከነብር ወይም ከጅብ ለማምለጥ ይረዳል። ለቀናትና ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን የምግብ መፈጨትን ያውካል፣ በሽታን የመከላከል አቅምን ያዳክማል፣ መራባትንም ያስተጓጉላል።

አርሶ አደሩ የዚህን ምልክት በበረቱ ያውቀዋል። የደነገጠች ላም ወተቷን ትይዛለች፤ አድሬናሊን ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ሥራ ስለሚያግድ ነው። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ገበያ በመኪና ተጨናንቆ ረጅም መንገድ የተጓዘ በሬም ለሳንባ በሽታ ይጋለጣል። በጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለጉዳት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የእንስሳው አቅም ሲዳከም ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። በሬው ሳያርፍ ከታረደ ደግሞ በጡንቻው የተከማቸው ኃይል ሰጪ ስኳር ስላለቀ ሥጋው ይጠቁራል፤ ቶሎም ይበላሻል።

ከሰው ጋር ለሺህ ዓመታት የኖረ ከብት እንዲህ ከሆነ፣ የሰው እጅ ነክቶት የማያውቅ እንስሳ ጭንቀት የባሰ ነው። በሩጫ ተባርሮ የተያዘ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ጡንቻው ይጎዳል። ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ንጥረ ነገር ኩላሊቱን ያውካል፤ ሽንቱም ይጠቁራል። ከውጭ ምንም ቁስል ሳይታይበት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ግልገል ሞት ያለፈ ነው። በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በመላ ሀገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። በየትኛውም ሀገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የሚራባ ቀይ ቀበሮም የለም። በመኖሪያው ካለቀ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም ማለት ነው።

እንስሳን ለጊዜው አግልሎ ማቆየት የሚያስፈልግበት ሁኔታ ግን አለ። በ2012 ዓ.ም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰበረ። ባለሙያዎች ከተራራው ሳያርቁት በጊዜያዊ መጠለያ አክመውት ከ50 ቀናት ገደማ በኋላ መከታተያ መሣሪያ አንገቱ ላይ አስረው ለቀቁት። “ተረፈ” የሚል ስምም ወጣለት። የቆይታው ዓላማ ከመጀመሪያው ወደ መኖሪያው እንዲመለስ ነበር። ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዙና ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ደግሞ በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው “እንሰሳ ኮቴ” ማዕከል ሰፊ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይጠበቃሉ።

ግልገል ያገኘ ሰው ሳይነካት ከቦታው መራቅ፣ ውሻውንም ማሰር ይኖርበታል። የቆሰለ እንስሳ ከሆነ ሰዎች እንዳይሰበሰቡበት አድርጎ በአቅራቢያው ላለ የግብርና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። ሰው የማይፈራ ወይም ያለምክንያት የሚናከስ ቀበሮ፣ ጅብ ወይም ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ መነካት የለበትም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ደጋግሞ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደንና ይዞ መገኘትን ያስቀጣል። ለግልገሏ ግን ከቅጣቱ በፊት የሚያስፈልጋት እናቷ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ በተኛችበት መተው ነው።