አንቀጽ 39ን እስከ መጨረሻው አንብባችሁታል?

«ይውጣ!» «አይነካም!» መርካቶ ምናለሽ ተራ ሻይ እየጠጣሁ የአንቀጽ 39ን ክርክር ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ስልኩን አውጥቶ አንቀጹን የሚያነብ ግን አላየሁም። እስቲ አብረን እንየው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመገንጠልን መብት ይሰጣል። በሩ ግን ወለል ብሎ አልተከፈተም። መጀመሪያ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል። ከዚያ የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ድምፅ ከደገፈ ሥልጣን ያስረክባል። መጨረሻ ላይ ንብረት ክፍፍል አለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር የመርካቶ ሰው ቶሎ ይረዳታል። ሸሪኮች ሲለያዩ የሚጣሉት በሱቁ፣ በዕቃውና በዕዳው ነው። አገር ሲሆንማ ግድቡ፣ መንገዱ፣ የውጭ ብድሩ አለ።

አሜሪካኖች ስለ መገንጠል በሕገ መንግሥታቸው ምንም ሳይጽፉ አለፉ። «የግዛቶች መብት እስከ የት ነው?» የሚለው ክርክር በ1798 (እ.ኤ.አ.) በኬንታኪና በቨርጂኒያ ምክር ቤቶች ጦፈ። ባርነትን ማቆየት የፈለጉት የደቡብ ግዛቶች ተገነጠልን ሲሉ በ1861 ጦርነት ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ግዛት ብቻዋን መውጣት አትችልም» ያለው በ1869፣ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

እኛ ደግሞ ጽፈነዋል። በዚህ አንቀጽ የወጣ ብሔር እስካሁን የለም፤ ኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ያካሄደችው ሕገ መንግሥቱ ሳይጸድቅ፣ በ1985 ዓ.ም. ነበር። ጦርነቱ ግን ለእኛም አልቀረልንም።

ለእኔ አንቀጹ ቢቆይም ቢወጣም ብቻውን አያድነንም። ሸሪኮችን የሚያቆያቸው ሒሳብ በየጊዜው በግልጽ መተሳሰባቸው ነው። እኛ መቼ ነው የምንተሳሰበው?